ዶሮው ሲሠራ ልጁን ማን እያየው ነው? የበዓል ሰሞን አደጋዎችና ትንንሽ ልጆች

 

ጳጉሜን ገብቷል። ሽንኩርቱ ተገዝቶ ጥግ ላይ ተከምሯል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ዶሮው በረንዳ ላይ ታስሮ ልጆቹ ዙሪያውን ይሯሯጣሉ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ደግሞ መስቀል ይከተላል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤታችን ሰው አያጣም። በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችሁ ስለ ጨጓራና ስለ ኮሌስትሮል እንድጽፍ ትጠብቃላችሁ። እሱ ይደርሳል። ዛሬ የማወራው ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላላት እናት ነው። አባትም ያንብበው፤ እንዲያውም መጀመሪያ አባት ያንብበው።

በበዓል ዋዜማ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ትኩስ ወጥ የተደፋበት ልጅ፣ ጀበና የጎተተ ሕፃን፣ ኦቾሎኒ ትን ያለው፣ ከሃይላንድ ውስጥ ውሃ መስሎት በረኪና የጠጣ። ልጇን አቅፋ የምትመጣው እናት ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትለው፦ «ዶክተር፣ አሁን አጠገቤ ነበር እኮ! ለአንድ ደቂቃ ነው ዞር ያልኩት።» እውነቷን ነው። ከጎኗ የቆመው ሰው ግን «ምን ስትሠሪ ነበር?» ይላታል። ይሄ ጥያቄ በጣም ያናድደኛል። ምን ስትሠራ እንደነበርማ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሃያ ሰው ምግብ ስትሠራ ነበር።

ችግሩ የት ጋ ነው?

በአዘቦት ቀን ልጁን የሚያየው ሰው ይታወቃል። እናቱ ናት፣ ሞግዚት ናት፣ ወይ አያቱ ናቸው። በበዓል ግን ቤት ውስጥ ስምንት ሰው አለ፤ ሁሉም «ልጁ እነሱ ጋ ነው» ብሎ ያስባል። እናት ሳሎን ያሉት እንግዶች እያዩት ይመስላታል። ሳሎን ያሉት ደግሞ እናቱ ጋ ጓዳ የገባ ይመስላቸዋል። በዚህ መሃል የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ኮሪደሯን አቋርጦ ምድጃው ጋ ለመድረስ ሃያ ሰከንድ አይፈጅበትም።

ስለዚህ «ልጁን እያያችሁ!» ብሎ ለቤቱ በሙሉ መናገር አይጠቅምም። ስም ተጠርቶ ይሰጥ። «ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቤልን የምታየው አንተ ነህ፣ ከዚያ እህትህ ትቀበልሃለች» ይባል። እኔ ለቤተሰቦች የምመክረው ቀላል ዘዴ አለች፦ አንድ ሻሽ ወይም ኮፍያ ምረጡ፤ ያንን ያደረገ ሰው የልጁ ጠባቂ ነው። ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይከፍትም፣ ሽንኩርት አይልጥም። ሽንት ቤት መሄድ ከፈለገ ሻሹን ለሌላ ሰው አስረክቦ ነው የሚሄደው። ለእንግዶች መጀመሪያ ያስቃል፣ በኋላ ይለመዳል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የ9 ዓመት ታላቅ እህት ጠባቂ አይደለችም። እሷም ልጅ ናት፤ ጨዋታ ይወስዳታል። አንድ ነገር ቢፈጠር ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ «በእኔ ምክንያት» እያለች ትኖራለች።

ትኩስ ነገር

በትንንሽ ልጆች ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ቃጠሎ ከእሳት ሳይሆን ከትኩስ ፈሳሽ የሚመጣ ነው። ውሃ፣ ሻይ፣ ወጥ፣ ዘይት። የልጅ ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ ስለሆነ እኛን «ኡፍ» የሚያሰኝ ሙቀት ልጁን ጠልቆ ያቃጥለዋል። ከተቀዳ ሩብ ሰዓት የሆነው ሻይ እንኳ ሕፃን ላይ ቢፈስ ሊያቃጥል ይችላል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሻይ ይብሳል፤ ወፍራም ነው፣ ቅባት አለው፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፣ ሙቀቱንም ቶሎ አይለቅም።

የከተማ ቤታችንን አስቡት። የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ጠባብ ነው። ትልቁ ብረት ድስት ምድጃው ላይ አልገባ ሲል በረንዳ ወይም ኮሪደር ላይ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ድስቱ መሬት ላይ ይጣዳል። ወጡ ሲበስል ደግሞ «ትንሽ ይብረድ» ተብሎ እዚያው ወለል ላይ ይቀመጣል። የልጅ ቁመት ያለው እዚያ ነው። ወደ ኋላ እየሄደ ሲጫወት ድስት ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ይሄ ያጋነንኩት አይደለም፤ ቃጠሎ ክፍል የሠራ ማንኛውም ነርስ ይነግራችኋል።

ማድረግ የሚቻለው ብዙ ወጪ የለውም። የምታበስሉበት ቦታ መግቢያ ላይ አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ አጋድሙ፤ ከዚያ ወዲያ ልጅ አይገባም። የበሰለ ድስት ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ቦታ ከሌለ በር የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይግባ። ልጅ አዝላችሁ ወይም ታቅፋችሁ ቁሌት አታማስሉ፣ እንጀራ አትጋግሩ፣ ቡና አትቅዱ። የውሃ ማፍያው የኤሌክትሪክ ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ አይንጠልጠል። በዓል ነው ተብሎ የተነጠፈው ረጅም የጠረጴዛ ልብስም ለሚድህ ልጅ መጎተቻ ነው።

ቡናን በተመለከተ፦ ረከቦቱ ወለል ላይ፣ ቄጠማው መሃል፣ ጀበናው እየፈላ። ለሚድህ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር የለም። ረከቦቱን ግድግዳ ጥግ አስጠጉትና ቡና የምታፈላዋ ሰው ፊት ለፊት ትቀመጥ፤ ልጁ የሚመጣበት መንገድ በእሷ በኩል ብቻ ይሁን። ቡናው አልቆ ወሬው ሲደምቅ ከሰሉ ገና ግሎ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ እጅ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ከተቃጠለስ?

እዚህ ጋ በደንብ ተከተሉኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጠባሳውን መጠን ሊቀንሱ ይችላሉ።

በመጀመሪያ ልጁን ከትኩሱ ነገር አርቁ፣ ፈሳሹ የነካውን ልብስ በሙሉ አውልቁ። ዳይፐሩንም! ዳይፐር ትኩስ ፈሳሽ መጥጦ ይይዛል። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስ ካለ ግን አትጎትቱ። አምባርና የጣት ቀለበት ካለው ቶሎ አውጡ፣ በኋላ ያብጣል።

ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ስር ለ20 ደቂቃ ያዙት። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ እያለቀሰ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ሰዓት ተመልከቱ፣ በግምት አትሂዱ። ዘግይታችሁም ቢሆን፣ ከተቃጠለ በ3 ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል። «ዶክተር፣ ውሃ እኮ የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ በበዓል ሰሞን ሰፈር ሙሉ ውሃ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ዋዜማ ላይ አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ ሞልታችሁ ለሌላ ሥራ እንዳይነካ አድርጋችሁ እንድታስቀምጡ የምለው። በጆግ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። የተቃጠለው ቦታ ሲቀዘቅዝ የቀረውን ገላውን በጋቢ ወይም በፎጣ ሸፍኑት፤ ሕፃናት ቶሎ ይበርዳቸዋል። በረዶ አይደረግም፤ የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳዋል።

አሁን ደግሞ የማይደረጉት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት፣ ማር። ጎረቤት ሁሉ አንድ አንድ ይዞ ይመጣል፤ በፍቅር ነው የሚያመጡት፣ ግን አትቀበሏቸው። እነዚህ ነገሮች ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ጀርም ያስገባሉ። ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ የቃጠሎውን ጥልቀት ለማየት ያንን ሁሉ ጠርገን ማንሳት አለብን። ልጁ ሁለት ጊዜ ይሰቃያል። ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡ። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹህ ስስ ጨርቅ ወይም ምግብ በሚሸፈንበት ንጹህ ስስ ፕላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑና ውሰዱት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ መስጠት ይቻላል።

ሁሉም ቃጠሎ ሆስፒታል ይፈልጋል ወይ? አይ። ግን ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት አካባቢ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፤ ከልጁ የራሱ መዳፍ (ከነጣቶቹ) የሚበልጥ ከሆነ፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ፤ ቦታው ነጭ ሆኖ ወይም ጠቁሮ ልጁ «አያመኝም» ካለ፤ በኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ጊዜ አትፍጁ። «አያመኝም» ማለቱ አያጽናናችሁ፤ ነርቩ ድረስ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፤ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁም ሪፈር ይጽፉላችኋል።

ለዋዜማው ችቦ አንድ ቃል ብቻ፦ ረጅሙ የበዓል ቀሚስ በጣም ያምራል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ችቦ ሲለኮስ ልጆቹ አጠር ያለና ገላቸው ላይ ልክክ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ቀሚሱ ለነገ ይደርሳል።

ከሰሉን ክፍል ውስጥ አታስገቡ

የሚከተለው ድምፅ የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ስለዚህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጳጉሜን ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እንግዶች መጥተዋል፣ ልጆች ወለል ላይ ተነጥፎላቸዋል። «ከሰሉ ይግባና ቤቱን ያሙቀው» ይባላል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ሁሉም ይተኛል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ፣ አየርም እየገባ፣ አንጎሉ ግን ኦክስጅን ያጣል። ሕፃናት በደቂቃ የሚተነፍሱት ከእኛ ስለሚበዛ ጋዙ ቀድሞ ይይዛቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ጭሱ ወጥቶ አልቋል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ከዚህ በኋላ ችግር የለውም።» ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ አይደሉም። ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሆኖ የተቀመጠው ከሰልም ጋዙን ያወጣል። አመድ ማልበስም አያቆመውም። ጨው መበተንም እንዲሁ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። በበዓል ማግሥት እነዚህን ሰምቶ «የትናንቱ ጠላ ነው» ወይም «ምግቡ ነው» ማለት ቀላል ነው። ልብ በሉ፤ ከሰል ባለበት ክፍል ያደሩ ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸውና ልጁም ከፈዘዘ፣ መጀመሪያ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፤ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ሁኔታ «98» ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ መሣሪያው ጋዙን ከኦክስጅን ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ ለሐኪሙ «ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ነው ያደርነው» ብላችሁ ንገሩት። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይረዋለች።

ይህ ምክር ለአራስ ቤት በእጥፍ ይሠራል። አራስ ጥየቃ ሲመጣ ቡና እዚያው ክፍል ይፈላል፣ ዕጣኑም ይጨሳል፣ በሩ ይዘጋል። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላና ሲኒው ይምጣላት።

ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ

ልጅ ጠንካራ ነገር በደንብ አድቅቆ መዋጥ የሚችለው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በፊት ፊት ጥርሱ ይቆርጥለታል እንጂ መንጋጋው በደንብ አይፈጭለትም። የሚስቅ፣ የሚሮጥ፣ የሚያለቅስ ልጅ አፍ ውስጥ ያለ ኦቾሎኒ ደግሞ ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ አየር ቧንቧው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ጠንካራ ከረሜላ የለም። «እሱ እኮ ለምዷል፣ ሁሌ ይበላል» አትበሉኝ። ፈንዲሻው ከቡናው ጋር ወለል ላይ በሰፌድ ሲቀመጥ ልጁ ማንንም አያስፈቅድም። የዶሮ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቃችሁ ስጡት፤ እንቁላሉንም ሙሉውን ሳይሆን ፈርፍራችሁ።

ትን ካለውና በኃይል እያሳለ ከሆነ ተዉት ይሳል፤ ከእናንተ ምት የእሱ ሳል ይበልጣል። ድምፁ ከጠፋ፣ ማሳል ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ወዲያው ጀምሩ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከገላው ዝቅ ይበል፣ በመዳፋችሁ ተረከዝ በትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን አምስት ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ገልብጡትና የደረቱን መሃል አጥንት አምስት ጊዜ ወደ ውስጥ ተጫኑ። እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የሕፃን ሆድ አይጫንም። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሱትና ጀርባውን አምስት ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ በላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ሳቡ። የማታዩትን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። በእግሩ ዘቅዝቆ ማወዛወዝም ይቅር።

አንድ በጣም የሚረሳ ነገር አለ። ልጁ ትን ብሎት፣ ትንሽ ታንቆ፣ ከዚያ «ተሻለው» ተብሎ ይታለፋል። ከሳምንት በኋላ ሳል፣ ደረቱ ላይ ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ ትኩሳት። የሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል፣ ይመለስበታል። ኦቾሎኒዋ የሳንባ ቱቦ ውስጥ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት፦ «በበዓሉ ዕለት ትን ብሎት ነበር።»

ለስጦታ ስለሚመጡት የሚያበሩና የሚዘፍኑ አሻንጉሊቶችም ላንሳ። ውስጣቸው ሳንቲም የምትመስል ክብ ባትሪ አለች። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮ መስመር ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓታት ውስጥ ከባድ ቁስል ልታስከትል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በብሎን የማይዘጋ አሻንጉሊት አትግዙ። ከተዋጠች «በሰገራ ይወጣል» ተብሎ አይጠበቅም፤ ወዲያው ራጅ ያለበት ሆስፒታል።

የሃይላንድ ጉዳይ

በረኪናው በሃይላንድ፣ ነጭ ጋዙ በሃይላንድ፣ አረቄው በሃይላንድ፣ ውሃውም በሃይላንድ። ልጁ በምን ይለያቸው? በበዓል ጽዳት ሰሞን እነዚህ ሁሉ ከመደርደሪያ ወርደው ወለል ላይ ይሰለፋሉ። በራሳቸው ዕቃ ይቀመጡ፣ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ከጠጣ ደግሞ አታስመልሱት። ወተት፣ ጥሬ እንቁላል፣ የጨው ውሃ አትጋቱት። በረኪና ሲወርድ ያቆሰለውን ጉሮሮ ሲመለስ እንደገና ያቆስለዋል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጠጣውን ማወቅ አለብን።

ጠላና ጠጅም «ትንሽ ይቅመስ» ተብሎ ለልጅ አይሰጥም። አያቶች ይቅር በሉኝ። አልኮል የትንሽ ልጅን የደም ስኳር ሊያወርደው ይችላል፤ የደም ስኳር ሲወርድ ልጅ ራሱን ይስታል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ሰው ሲሸኝ የተረፉትን ብርጭቆዎች ቶሎ አንሱ፤ ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ልጁ ነው።

ምን ይብላ?

ከስድስት ወር በላይ ያለ ልጅ ከበዓሉ ምግብ ድርሻ አለው፤ በየዓመቱ በሽሮ ብቻ እንዲያልፍ አይገባም። የዶሮ ሥጋ፣ ጉበትና እንቁላል በአይረን የበለጸጉ ናቸው። ሽንኩርቱ በደንብ ሲቁላላ፣ በርበሬው ከመግባቱ በፊት፣ ለልጁ በትንሽ ድስት ቀንሱለት። ከዚያው ላይ አንድ ሁለት ብልት ጨምራችሁ በደንብ አብስሉት፣ ጨው አታብዙ። አለቀ፤ ለእሱ ሌላ ምግብ መሥራት አይጠበቅባችሁም።

ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለልጅ አይሆንም። የኮሶ ትል የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ ሌሎች ጀርሞችም አሉ። ጥሬ ዶሮ የተገነጠለበት ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት። በረንዳ ላይ ያለውን ዶሮ ሲያባርሩ የዋሉ ልጆችም እጃቸው በሳሙና ይታጠብ፤ የዶሮ ኩስ ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አሉበት። የተረፈው ወጥ በየቀኑ ሙሉ ድስቱ እየሞቀ አይመለስ። ለሚበላው ያህል ብቻ ይቀነስና እስኪፈላ ይሙቅ፤ ከሁለት ሰዓታት በላይ ውጭ አይደር፣ ፍሪጅ ይግባ። መብራት ሙሉ ቀን ጠፍቶ ከዋለ ለልጁ አትስጡት።

ተቅማጥ ከጀመረው ኦአርኤስ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ። አሳንሶ መበጥበጥ ጨው ያበዛበታል፣ አብዝቶ መበጥበጥ ጥቅሙን ያሳጣዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። በተቀመጠ ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ዚንክም ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ውሰዱለት። ጡት አይቋረጥ። ለስላሳ መጠጥ መድኃኒት አይደለም፤ ስኳሩ ተቅማጡን ያብሰዋል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም የሰጣችሁትን ሁሉ ካስመለሰ በዓል ነው አትበሉ፤ ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው።

አገር ቤት ለምትሄዱ

ክረምቱ ሲወጣ ወባ የሚነሳበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ቆላ አካባቢ ያሉ ዘመዶቹን ጠይቆ ሲመለስ፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይታይ፣ የት እንደነበራችሁም ንገሩ። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ የእንግዳ አልጋ ላይ ላይኖር ይችላል።

ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ እንግዳ ሁሉ የሚስመው አይደለም። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ከሩቅ «እደግ!» ይበለው፤ ቅር አይበለው። በዚህ ዕድሜ ሙቀቱ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜ ሳትሰጡ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ክትባቱ በዓል ላይ ከዋለም አትተዉት፣ በማግሥቱ ሂዱ።

እናቲቱስ?

ስለ ልጁ ይሄን ሁሉ ካወራን በኋላ የሚቀረው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቆማ ቁሌት የምታማስለው ሰው ናት። እንቅልፍ ያጣ ሰው እጁ ይዘገያል፣ ይረሳል፤ ቃጠሎውም፣ ያልተከደነው በረኪናም ከዚያ ይመጣል። የምታጠባ እናት ደግሞ «እንግዳ አለ» ብላ ሁለት ሦስት ማጥባት ስትዘል ወተቱ ተጠራቅሞ ጡቷ ይጠጥራል፣ ያማታል፤ አንዳንዴም ተመርዞ ትኩሳት ይመጣባታል። እያበሰለች ውሃ መጠጣትም ትረሳለች።

ስለዚህ አባቶች፣ ሻሹን መጀመሪያ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ሽንኩርቱ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ተከትፎ ይደር። ከአምስቱ ወጥ ሁለቱ ይቅሩ፤ እንግዳ ዶሮውን ካገኘ ስለ አልጫው አይጠይቅም። የምታጠባዋ ሰዓቷ ሲደርስ ማማሰያውን ሌላ ሰው ይቀበላት፣ ሕፃኑን ይዛ መኝታ ክፍል ትግባ፣ በሩ ይዘጋ፣ ግማሽ ሰዓት ማንም አይጥራት። ነፍሰ ጡር ከሆነችና ራስ ምታቱ ከበረታባት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ፊቷና እጇ ካበጠ «ድካም ነው» አይባልም፤ ደም ግፊቷ በዚያው ሰዓት ይለካ።

አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ሁለት ቁጥር መዝግቡ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ወረቀት ላይም ጻፉና ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉት፤ ያኔ ስልክ የሚደውለው እንግዳው ሊሆን ይችላል። የቤቱን አድራሻም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር ጭምር፣ ከሥሩ ጻፉበት፤ እንግዳው አያውቀውም።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ! ጀሪካኑን አሁን ሙሉት።